በእርሳስ የተጻፈች ምልክት

በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ቀኝ ኅዳግ ላይ፣ ከገቢ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ትንሽ ምልክት ነበረች። በደንብም በመመሪያም በሥራ ዝርዝርም ላይ የለችም። ማኅተምም ቲተርም አይደለችም፤ በላጲስ ብትጠፋ የሚጠየቅባት ሰው የለም። ነገር ግን ያቺ ምልክት ያላረፈችበትን ፋይል የሚፈርም ባለሙያ በመሥሪያ ቤታችን አልነበረም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አሠራር እንዴት እንደሚለወጥ፣ እንዴትስ ተለወጠ ተብሎ ሳይለወጥ እንደሚቀር የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርሁት ከእርሷ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሷ መጻፍ ፈለግሁ።

የሠራሁት እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በመዝገብ ቤት፣ ኋላም በባለሙያነትና በቡድን መሪነት። ጉዳያችን ከቤትና ከይዞታ ጋር የተያያዘ ሲሆን ከሁሉም የሚበዛው የስም ዝውውር ነበር። አባት ያርፋል፣ ልጆች የወራሽነት ማስረጃቸውን ከፍርድ ቤት ይዘው ይመጣሉ፣ ቤቱ በስማቸው እንዲዞርላቸው ያመለክታሉ። ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ይወጣል፣ ዕዳና እገዳ ይጣራል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ይፈረማል፣ ደብዳቤው ወጪ ይሆናል። ሲነገር እንዲህ አጭር ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ከማራኪ ወይም ከአዘዞ እየተመላለሰ ወራት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ለውጥ በአገራችን ከላይ ሲወርድ የቆየ ነገር ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ሙሉ የማዘጋጃ ቤት ደረጃ የሰጠው ለአዲስ አበባና ለጎንደር ብቻ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን አመጣ፤ በ1988 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም የወጪ አስተዳደርን፣ የሰው ሀብትን፣ የአገልግሎት አሰጣጥን፣ የበላይ አመራርንና ሥነ ምግባርን በአምስት ንዑስ ፕሮግራም ከፍሎ ጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ ብዙ ሠራተኛ ጠረጴዛውን ትቶ ወደ ታች ተመደበ። ከዚያም ቢፒአር፣ ውጤት ተኮር፣ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ ካይዘን የሚባለውም የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ የራሱ ሥልጠና፣ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ የሪፖርት ጊዜ ነበረው። እኔ በአብዛኞቹ ውስጥ አልፌአለሁ፤ በቅርብ ያየሁትን ብቻ ልናገር።

የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሁላችንም ቢፒአር የምንለው፣ ወደ እኛ የደረሰው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዘዴው አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ለንግድ ኩባንያዎች የተቀመረ ነበር። ያለውን አሠራር ከመጠጋገን ከባዶ ወረቀት መጀመር ይሻላል፣ በየክፍሉ የተበጣጠሰውንም ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ባለሙያ ይጨርሰው የሚል ደፋር ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በአጥኚው ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ነባሩን አሠራር፣ በሥልጠናው ቋንቋ «አስ ኢዝ» የሚባለውን፣ ለመሳል አንድ የስም ዝውውር ፋይል ከገባበት ሰዓት ጀምሬ እስኪወጣ ድረስ ተከተልሁት። ፋይሉ 11 እጅ ነካው፣ 3 ጊዜ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ፣ 4 ሰው ፈረመበት። ከሁሉም የገረመኝ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በማንም እጅ ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ ተኝቶ መሆኑ ነው፤ የተሠራበት ጊዜ ቢደመር ከግማሽ ቀን አያልፍም ነበር።

አዲሱ አሠራር፣ «ቱ ቢ» የሚሉት፣ አራቱን ፊርማ ወደ አንድ አወረደው። መምሪያና ክፍል የሚለው ስም ቀርቶ ዋና የሥራ ሂደትና ደጋፊ የሥራ ሂደት ተባለ። ግድግዳም ፈረሰ፤ ይህን ስል በምሳሌ አይደለም፣ አናጺ መጥቶ የኮምፔንሳቶውን መከለያ ነቅሎ ወሰደውና አምስት ጠባብ ክፍሎች አንድ አዳራሽ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም ሌላ ነበሩ። አንድ የአዘዞ አባት ጠዋት አመልክተው ከሰዓት በኋላ ደብዳቤያቸውን በእጃቸው ሲይዙ አላመኑም፤ «ልጄ፣ የቀረ ነገር አለ ወይስ ልሂድ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። «ጨርሰዋል አባቴ፣ በሰላም ይግቡ» አልኋቸው። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድሁት በጣም ደስ ብሎኝ ነው።

ሆኖም በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። አዲሱ መዋቅር ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ እንደገና ተወዳድሮ ይደለደል ተባለ፤ መደብ ያላገኘው «ተንሳፋፊ» የሚል ስም ወጣለት። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን ፈልጎ ሲያጣ ቆሜ አይቻለሁ። ለውጥ የሚለው ቃል በብዙ ሰው ጆሮ ከድልድል ጋር ተጣብቆ የቀረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል፤ በኋላ የመጣው አሠልጣኝ ሁሉ ምንም ያህል መልካም ነገር ይዞ ቢመጣ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ይህስ የሚያፈናቅለው ማንን ይሆን?» የሚለውን ነበር።

አዲሱ አሠራር የተሰበረው በአንድ ፋይል ነው። ሦስት ወንድማማቾች የወራሽነት ማስረጃ አቅርበው ቤቱ ዞረላቸው። ከዓመት በኋላ ዓረብ አገር የነበረች እኅታቸው ተመለሰች፤ ማስረጃው ላይ ስሟ የለም። ፋይሉን ብቻውን ያየውና የፈረመው ባለሙያ፣ አዲሱ አሠራር አንተው ጨርሰው ስላለው የጨረሰው ወጣት፣ ለቃል ተጠራ፣ ከሥራም ታገደ። ጥፋቱ ማስረጃውን ባወጡት ወንድማማቾች እንጂ በእርሱ እንዳልነበረ ታውቆ ከወራት በኋላ ተመለሰ። በእነዚያ ወራት ግን ከአመራሩ አንድም ሰው ከጎኑ አልቆመም። «የፈረምኸው አንተ ነህ» ከማለት በቀር የተነገረው ነገር አልነበረም።

እርሱ በታገደ በሦስተኛው ቀን አንዲት ባለሙያ ፋይል ይዛ ወደ ቡድን መሪው ሄደች፤ «እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለችው። አሠራሩ ስለማይፈቅድ ሊፈርም አይችልም፤ እንዳይመልሳት ደግሞ አሳዘነችው። እርሳሱን አንሥቶ በኅዳጉ ላይ ትንሽ ምልክት አደረገ። በወሩ ሁሉም ባለሙያ እንዲሁ ያደርግ ጀመር። በዓመቱ ዋጋ ላለው ቤት የኃላፊውም ምልክት ካልታከለ አይፈረምም ተባለ፤ ማን እንዳለው ግን አይታወቅም። አራቱ ፊርማዎች ከሰነዱ ላይ ጠፍተው በእርሳስ ተመልሰው መጡ። መከለያውም እንዲሁ ነው፤ ማንም ይሠራ ብሎ ሳያዝ በጠረጴዛዎች መካከል የፋይል ሸልፍ እየተጠጋ፣ በሸልፉ ላይ መጋረጃ እየተሰቀለ፣ አዳራሹ ተመልሶ አምስት ክፍል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ከውሉ ቀጥሎ የዋሶችና የምስክሮች ስም ይደረደራል። የነገሩ ዋስትና ከጽሑፉ ይልቅ በስሞቹ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል። ያቺ የእርሳስ ምልክት ለእኔ የዚያ ዘር ናት። ባለሙያው ኃላፊውን የሚያየው ዕውቀት ሊጨምርለት አይደለም፤ ነገ ቢጠየቅ ብቻውን እንዳይቆም ምስክር ይፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ትርፍ የምንላቸው ፊርማዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከኋላው አንድ የተጎዳ ሰው አለ፣ ሰውየው ተረስቶ ፊርማው ይቀራል። እጅ መንሻም የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ ያልተጻፈ ሥልጣን ያለው ሰው ያልተጻፈ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላልና።

ውጤት ተኮር ምዘናው ሲመጣ ነገሩ ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እያንዳንዱ ፈጻሚ በሩብ ዓመት ከ100 ይመዘናል፤ ከመለኪያዎቹ አንዱ ፋይሉ ገቢ ከሆነበት እስከ ወጪው የፈጀው ጊዜ ነው። የተደረገው ግን ይህ ነው፦ ፋይሉ ገቢ ቁጥር የሚሰጠው ምልክቷ ካረፈችበት በኋላ ሆነ። ቁጥሩ ከላይ ይጻፍ እንጂ ምልክቷ ትቀድመው ነበር። ባለጉዳዩ ሁለት ሳምንት ተመላልሶ፣ በመዝገቡ ላይ ግን ጉዳዩ በአንድ ቀን ያለቀ ሆኖ ይገኛል። ሪፖርታችን ያማረ ነበር። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በአንድ በኩል ፍጠን፣ በሌላ በኩል ብትሳሳት ወየውልህ የተባለ ሰው ሁለቱንም ትእዛዝ የሚያከብርበት ሌላ መንገድ አላገኘም።

በግምገማ ላይ ችግራችን ሁልጊዜ በሦስት ይከፈላል፦ የአመለካከት፣ የክህሎት፣ የግብዓት። የመጀመሪያው ሁልጊዜ አመለካከት ነው። «የአገልጋይነት መንፈስ አልዳበረም» ተብሎ ይጻፍና የአመለካከት ሥልጠና ይታቀዳል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል አልቀበለውም። ያ ወጣት ከመታገዱ በፊት የነበረው አመለካከት ከማናችንም የተሻለ ነበር፤ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ምልክቷን ከሁሉ አብዝቶ የሚጠይቀው እርሱ ሆነ። በመካከል የተለወጠው ያየው ነገር እንጂ መንፈሱ አልነበረም።

ምልክቷን ያጠፋት አንድ ኃላፊ ነው። ራሱ ከባለሙያነት የወጣ ሰው ስለነበር ሲሾም ሥልጠና አልጠራም። አንድ ሳምንት ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሚሠራውን አየ። በአምስተኛው ቀን አንድ ፋይል አንሥቶ «ይህቺ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት አልነበረም። ቆይቶ አንዲት አንጋፋ ባለሙያ የታገደውን ልጅ ነገር ከመነሻው ነገረችው፤ ኃላፊው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን እዚህ አልነበረም።

ያደረገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ለስም ዝውውር መሟላት ያለባቸውን ሰነዶች በአንድ ገጽ አስጽፎ በየፋይሉ ውስጥ እንዲያያዝ አደረገ፤ ባለሙያው በእያንዳንዱ አንጻር ምልክት ያደርጋል፣ ከታች ይፈርማል። ሁለተኛ፣ ገቢ ቁጥር ባለጉዳዩ መስኮቱ ላይ እንደቆመ እንዲሰጥና ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁርጥራጭ ወረቀት ይዞ እንዲሄድ አዘዘ። ሦስተኛውና ትልቁ፣ የማኔጅመንት ቃለ ጉባኤ አስይዞ በፊርማውና በማኅተም ደብዳቤ አወጣ፤ በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰነዶች ተሟልተው ባለሙያው ከፈረመ፣ ከሌላ አካል የመጣው ማስረጃ ኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚመልሰው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ባለሙያው አይደለም የሚል።

ማንም አላመነውም። ሁለት ወር ያህል ምልክቷ እንደነበረች ቀጠለች። ከዚያ አንድ ፋይል ችግር አመጣና ባለሙያዋ ለቃል ተጠራች። በጠዋት ኃላፊው ከጠረጴዛው ተነሥቶ፣ ደብዳቤውን በክላሴር ይዞ፣ አብሯት በእግሩ ሄደ። ከሰዓት በፊት ሁለቱም ተመለሱ፤ እርሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቀጣዩን ፋይል ከፈተች። ከዚያ ሳምንት በኋላ በእርሳስ የተጻፈ ምልክት አላየሁም። ይቅር ብሎ የወሰነ ስብሰባ አልነበረም።

ስለ መዝገብ ቤታችንም ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ያለ እርሱ የሚሆን ነገር የለም። እትዬ የምንላቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የእያንዳንዱን ፋይል ቦታ በቃላቸው ያውቁ ነበር። የቀበሌዎች ቁጥርና ወሰን በተቀያየረ ጊዜ ፋይሉ በማዳበሪያ ከረጢት እየታሰረ ሲመጣ ያደራጁት እርሳቸው ናቸው፤ ሕዝቡ ሰፈሩን ዛሬም በድሮው የቀበሌ ቁጥር ስለሚጠራ ባለጉዳይ አሮጌውን ቁጥር ሲነግራቸው በአሳባቸው ወደ አዲሱ አዙረው ቀጥ ብለው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ። እርሳቸው ከታመሙ መሥሪያ ቤቱ ታመመ ማለት ነው። የካይዘን ጊዜ አሠልጣኙ ከማጣራት ጀምሩ ብሎ ያረጀውን ወረቀት ለይቶ ለማስወገድ ሲነሣ፣ በሩ ላይ ቆመው አናስነካም አሉ። ለውጥ እንቢ አሉ ተብሎ በሪፖርት ላይ ሳይቀር ተጻፈባቸው። ሊጣል ተለይቶ ከነበረው ክምር ውስጥ የሰዎች የይዞታ ማስረጃ እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ አዲስ ተቀጣሪ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ» አላቸው። ሰኔ ተጀምሮ መስከረም ላይ አራት ደብተር ሞላ፦ የአሮጌው ቀበሌ ቁጥር፣ የአዲሱ፣ የባለይዞታው ስም፣ የመደርደሪያና የረድፍ ቁጥር። በመጀመሪያው ደብተር ሽፋን ላይ የጻፈው የእርሳቸውን ስም ነበር። አሠልጣኙን በር ላይ የመለሱት ሴት ለዚህ ልጅ ሁሉን የሰጡት ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ፤ አንዱ ዕውቀታቸውን ቆሻሻ ብሎ መጣ፣ ሌላው ሊማር መጣ።

ያ ኃላፊ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ተዛወረ። በአካባቢ አስተዳደር ውስጥ ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሹም ከአንድ በጀት ዓመት ወደ ሌላው ሳይደርስ ይነሣል፣ የሚተካው የራሱን ዕቅድ ይዞ ይመጣል፣ ያለፈውን ማስቀጠል ሥራ ሆኖ አይቆጠርለትም። እርሱ ከሄደ በኋላ ምን ቀረ ብዬ ስቆጥር፣ በሰዎች እጅ የገባው ነገር እንደቀረ አያለሁ። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ወዲያው ቀረ። ቁርጥራጩም የማሳተሚያ በጀት ሲያልቅ ቀረ፤ የመስኮቷ ሠራተኛ ግን በራሷ ሐሳብ በባለጉዳዩ ግልባጭ ላይ ቁጥሩን እየጻፈች ቲተር ትመታለታለች። የሰነዶቹ ዝርዝር ዛሬም በየፋይሉ አለ። ደብዳቤውን ባለሙያዎቹ ላሚኔት አስደርገው በጠረጴዛቸው ላይ አኑረውታል፤ አዲስ የመጣ ኃላፊ «ሳላየው እንዳይወጣ» ሲል፣ ቃል ሳይናገሩ ወደ ደብዳቤው ያመለክታሉ። ደብተሮቹም አሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ መዝገብ ቤታችን አንድም ቀን አልቆመም፤ እትዬ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር።

አሁን ዘመኑ የዲጂታል ነው። የፋይዳ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶለታል፤ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። ይህን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት ያደርጋልና። የእኛም ደብተሮች ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጡ ነው፤ የስም ዝውውር ጉዳይም በስክሪን ላይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መሄድ ጀምሯል።

ባለፈው ወር ከአንድ ወጣት ባለሙያ አጠገብ ተቀምጬ ሥራውን ስመለከት፣ በቅጹ መጨረሻ ላይ ለማስታወሻ በተተወው ባዶ ቦታ «ታይቷል» የሚል ቃል አየሁ። ቀጣዩን ፋይል እንዲከፍተው ለመንሁት፤ እዚያም «ታይቷል» ይላል። በሦስተኛውም እንዲሁ። ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት። «ኃላፊው አይተውታል ለማለት ነው፤ እንዲህ ካልሆነ አንልክም» አለኝ። ደብዳቤውን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ያውቃል፣ «እርሱ ግን ስለ ወረቀት ፋይል ነው» አለኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ላሚኔት የተደረገውን ደብዳቤ እንደገና አነበብሁት። ልጁ እውነቱን ነው፤ ደብዳቤው «በፋይሉ ላይ ለሚያርፍ ፊርማ» ይላል እንጂ በሲስተም ስለሚተላለፍ ጉዳይ የሚለው ነገር የለም። በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ደብዳቤ አርቅቄ፣ የመጀመሪያውን ግልባጭና ቃለ ጉባኤውን አያይዤ ለኃላፊው አቀረብሁ። መስኮት ላይ ቆሜ ገቢ ቁጥር ተሰጥቶኛል፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።